የጋሽ ሰይድ መለኪያ ጠፍር

የረጠበ ጠፍር ሽታ የማያውቅ አንባቢ ሊኖር ስለሚችል ከዚያ ልጀምር። ጠፍር ከበሬ ቆዳ በቀጭኑ ተተልትሎ የሚወጣ ማሰሪያ ነው፤ ቀንበር ይታሰርበታል፣ አልጋ ይጠፈርበታል። ደረቁ ብዙም አይሸትም። ሲረጥብ ግን ሽታው ልብስ ውስጥ ይገባል። ባለፈው ሳምንት ከገሳይ ወደ ደብረ ታቦር በምትመጣ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሳለሁ አንድ ገበሬ አባት በማዳበሪያ ከረጢት የጠቀለሉትን እስር ከመቀመጫ ሥር ሲያስገቡ ያ ሽታ ሁላችንንም አፈነን። ዝናቡ በኃይል ይወርድ ስለነበር መስኮት የሚከፍት አልተገኘም።

“ኧረ አባቴ፣ ምን ሞቶ ነው የጫኑት?” አለ ረዳቱ።

“ጠፍር ነው። ሽቶ ካማረህ ሱቅ ግባ፤” አሉት።

መኪናው በሙሉ ሳቀ። ከአጠገቤ የተቀመጠችው፣ ተሳፋሪዎቹ “ሲስተር” እያሉ የሚጠሯት ሴት ግን ሳቁ ካለቀ በኋላም በነጠላዋ አፏን ሸፍና ብቻዋን ትስቅ ነበር። ዞር ብላ አየችኝና፣ “ሙሉቀን አይደለህም እንዴ? የደሴ ወንድም? ይህ ሽታ ጋሽ ሰይድን አያስታውስህም?” አለችኝ። ስንዱ ነበረች። እስከ አሥረኛ ክፍል አብረን የተማርን፣ ለታላቅ ወንድሜ ለአያ ደሴ ልትዳር ጥቂት ቀርቷት የነበረችው ስንዱ። ከተማ ሳንደርስ የነገረችኝን ነገር በተራው እጽፈዋለሁ፤ ከመካከል ብጀምረው እኔም ይጠፋብኛል። በተራው ስጽፈውም እየጠፋብኝ ነው።

እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ሽማግሌ አይደለሁም፤ ተማሪዎቼ ግን እንደ ሽማግሌ ያዩኛል፤ አንድ ብር ወረቀት የነበረበትን ጊዜ አስታውሳለሁና። በዚያን ጊዜ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ ልብስ ሰፊ፣ ከገበያው ወደ መናኸሪያው በሚታጠፈው ጥግ፣ በአቶ ፈንቴ የእህል መጋዘን በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው ይሠሩ ነበር። አቶ ፈንቴ የስንዱ አባት ናቸው። ከበረንዳው ትይዩ በስልክ ሜሞሪ ካርድ ላይ ዘፈን የሚጭን ጎረምሳ ነበር፤ አንዱን ዘፈን በሃምሳ ሳንቲም። ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ ቀኑን ሙሉ አንዲት ዘፈን ስለሚደጋግም ጋሽ ሰይድ መርገጫቸውን በዘፈኗ ምት ይረግጡ ነበር፤ ዘፈኗ ቀዝቀዝ ስትል ስፌቱም ቀዝቀዝ ይላል። የጎረምሳ ወጉ ጠባብ ሱሪ ነበር። ሰፊውን ሱሪ በአምስት ብር ያጠቡልናል፤ ከታች ግን ብዙዎቻችን የምናደርገው ያንኑ የፕላስቲክ ኮንጎ ጫማ ስለነበር ከላይ የከተማ፣ ከታች የገጠር ሰው ሆነን እንዞራለን። ሴቶቹ ባለ ዚፕ ሹራብ ይወዱ ነበር፤ የስንዱ ቀይ ነበር፤ ከሩቅ ትታወቅበታለች። ዛሬ በዚያ ጥግ ባለ መስታወት ፎቅ ቆሟል፤ የቀድሞው የእንጨት የመብራት ምሰሶም በሲሚንቶ ተተክቷል። ምሰሶውን አስታውሱልኝ፤ ያስፈልገናል።

በቅዳሜ ገበያና በበዓል ቀን፣ በክርስቲያኑም በእስላሙም፣ ጋሽ ሰይድ የስፌት መኪናቸውን ይሸፍኑና የአየር ጠመንጃ ያወጣሉ። የአየር ጠመንጃ ባሩድ የለውም። አፈሙዙን ሰብረህ ስትመልሰው በሆዱ ያለው ሞላ ይጨመቃል፤ ቃታውን ስትስብ ሞላው አየሩን፣ አየሩ ደግሞ ከሽምብራ የምታንሰውን እርሳስ ይገፋል። ኢላማው በመጋዘኑ ግድግዳ ላይ የተመታ ጣውላ ነው፤ ከጣውላው ላይ በክር የተንጠለጠለ የለስላሳ ቆርኪ አለ። ለአንድ ብር ሦስት ጥይት፤ አንዴ ለመታ ብስኩት፣ ሦስቱንም ለመታ ለስላሳ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ርቀቱ ልምጣ። ጋሽ ሰይድ ቀኑን ሙሉ አንገታቸው ላይ የልብስ ሜትር አንጠልጥለው ይውላሉ፤ የተኩሱን መስመር ግን አንድም ቀን በሜትር ለክተው አያውቁም። ከጣውላው ሥር በተመታ ምስማር ላይ የአንድ ረጅም ጠፍር ጫፍ ያጠልቃሉ፤ ሌላውን ጫፍ ይዘው ወደ ኋላ እየሄዱ እስኪወጠር ይጎትቱና ቋጠሮው ከደረሰበት ላይ ካስማ ይተክላሉ። ተኳሹ የእግሩን ጣት ከካስማው አያሳልፍም። ለምን በሜትር እንደማይለኩ ስጠይቃቸው፣ “ሜትር የልብስ ነው፤ ይኸ የተኩስ ነው። አንተ ሱሪህን በጠፍር ልለካልህ?” ይሉኛል። ርቀቱ ከእግር ጣት ይቆጠር ወይስ ከአፈሙዝ የሚለውም ክርክር ነበር፤ ክንደ ረጅም ሰው ወደ ፊት ሲያዘነብል አፈሙዙ ወደ ቆርኪው ይጠጋልና። ጋሽ ሰይድ ይህንንም በአንድ ቃል ዘግተውታል፦ “እጁን ያረዘመለት እኔ አይደለሁም።”

አያ ደሴ የዚህ መስመር ጌታ ነበር። እኔን በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። አንድ ዓመት በውድማ ላይ ገብስ ሲያበራዩ ገለባ ቀኝ ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ብዙ ሰነበተና መሐሉ ላይ ነጭ ነገር ጥሎበት ዳነ። ብዙ ሳይቆይ ጥምቀት ደረሰ። አያ ደሴ ሰው ሁሉ እያየ በዚያው በቀኝ ዓይኑ አልሞ ቆርኪውን ሦስት ጊዜ መታው። ለስላሳውን ለእኔ ሰጠኝ። በዚያ ክረምት ሽማግሌዎች ስንዱን ለአያ ደሴ ሊጠይቁ ወደ አቶ ፈንቴ ሲሄዱ ግን የነጩ ነገር ወሬ ቀድሟቸው ደርሶ ነበር። አቶ ፈንቴ ቀልድ የሚወዱ፣ በቀልዳቸው የሚያቆስሉ ሰው ነበሩ። “ልጄን የምሰጣት ለሚያያት ሰው ነው፤” አሉ። ሽማግሌዎቹ የጥምቀቱን ተኩስ አነሱ። “እንግዲያው ቡሄ ቅርብ ነው። በዚያው ጠመንጃ፣ በዚያው ቆርኪ፣ በዚያው ጠፍር ለክቶ ይምታ። አንዴ እንኳ ከመታ ልጅቱ የሱ ናት። ከሳተ እኔን አትውቀሱኝ፤” ብለው ማሉ። ስንዱን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ እኔም መጠየቅ እንዳለባት አላሰብኩም ነበር፤ ሁለታችንም የአሥረኛ ክፍል ፈተና ውጤት እየጠበቅን ስለነበር ከእሷ ጋር የማወራው ስለ ውጤቱ ብቻ ነው።

የቡሄ ዕለት ማኅሌቱ ካለቀ በኋላ እኔና አያ ደሴ ከቤተ ክርስቲያኑ ኮረብታ ቁልቁል ስንወርድ ዝናቡ ለጊዜው አቁሞ፣ ጭጋጉ ከገበያው ላይ ተነሥቶ ነበር። ከየሰፈሩ የጅራፍ ጩኸት ይሰማል። እኔ ስለ ሂሳብ ፈተናው እያወራሁ ነው። አያ ደሴ ድንገት ቆመ። ደህናውን ግራ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ ወደ ታች፣ ወደ ቆርቆሮ ጣሪያዎቹ ብዙ አየ።

“ምን ታያለህ?” አልኩት።

“ምንም። ዝናቡ ይመለሳል፤” አለኝ። ከዚያ እስከ ገበያው አፍ ድረስ ከፊቴ ቀድሞ ወረደ። ፈርቷል ብዬ የሂሳቡን ነገር ተውኩት።

በጥጉ ላይ ሰው ከቅዳሜ ገበያ በልጦ ቆሟል። ጋሽ ሰይድ ጠፍሩን ከበረንዳው አውርደው ምስማሩ ላይ አጠለቁ፣ ጎተቱ፣ ካስማውን ተከሉ። አቶ ፈንቴ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ስንዱ በቀይ ሹራቧ ከመጋዘኑ በር ላይ ቆማለች። አንድ ባለ ባጃጅ ጠመንጃውን ልሞክር ብሎ ከካስማው ቆሞ ተኮሰና ቆርኪውን አሽከረከረው፤ ሰው አጨበጨበ። ከዚያ አያ ደሴ ቀረበ። የመጀመሪያው ጥይት ጣውላውን መታ። ሁለተኛው ከጣውላው በታች ጭቃውን ቦደሰ። ሦስተኛው የት እንደሄደ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ቆርኪው ንቅንቅ አላለም።

ያን ጊዜ ነው ምሰሶውን ያየሁት። በጥምቀት አያ ደሴ ሲተኩስ የመብራቱ ምሰሶ ከኋላው ነበር፤ እኔ ምሰሶውን ተደግፌ ነበር ያየሁት። አሁን ግን ምሰሶው ከፊቱ፣ በስተቀኙ ቆሟል። ካስማው ከምሰሶው ወዲያ ሄዷል!

“ጋሽ ሰይድ፣ መስመሩ ርቋል! ጠፍሩ ርሶ ረዝሟል!” ብዬ ጮኽኩ።

“ጠፍሩን የቆረጥኩት እኔ፣ ቋጠሮውን የቋጠርኩት እኔ። ካንተ ነው የምማረው?” አሉ። ዳሰስ አደረጉት። እጃቸው ረጥቦ ተመለሰ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ማስቀመጥ አልችልም። አልጋ የሚጠፍር ሁሉ ጠፍርን የሚያረጥበው እንዲለጠጥለት እንደሆነ እያንዳንዱ ሰው ያውቃል፤ መለኪያ ሆኖ ግን አስቦት የሚያውቅ አልነበረም። አሁን ሁሉም በአንድ ጊዜ መለካት ጀመረ። ከማኅሌት የመጣ አንድ ደብተራ መስመሩን በመቋሚያው ለካ፤ ሌላው ደብተራ በራሱ መቋሚያ ሲለካ ሌላ ሆነ፤ መቋሚያ በየባለቤቱ ቁመት ነውና። አንዱ በክንድ፣ ሌላው በጫማ ለካ። ባለ ባጃጁ፣ “በጥምቀት ሁለት ባጃጅ ያህል ነበር፤ አሁን ሁለት ባጃጅና አንድ ጎማ ነው፤ ላሳያችሁ፤” ብሎ ባጃጁን ወደ ግድግዳው አስጠጋና ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። ገፍተው እስኪያወጡት መስመሩም ካስማውም ተረገጠ። “አንገቴ ላይ ያለው ሜትርስ ለምን ተሰቅሎ ቀረ?” እያሉ ጋሽ ሰይድ የልብስ ሜትራቸውን ወደ ላይ ያወዛውዛሉ፤ የጥምቀቱን ርቀት ግን በሜትር የለካ ስለሌለ የሚያወዳድሩት ነገር አልነበራቸውም።

በመጨረሻ አቶ ፈንቴ ከበርጩማቸው ተነሡ። ክፉ ሰው አልነበሩም። “በቃ። ከምሰሶው ወዲህ ቆሞ እንደገና ይተኩስ። በኋላ ፈንቴ በጠፍር አጭበረበረ እንዳትሉኝ፤” አሉ። ሕዝቡ እልል አለ። እኔ ዘልዬ የአያ ደሴን ክንድ ያዝኩ።

አያ ደሴ ግን ጠመንጃውን ለጋሽ ሰይድ በሁለት እጁ መለሰላቸው። “መስመሩ ለባለ ባጃጁም ያው ነበር፤ መታ። እኔ ሳትኩ። አልተኩስም፤” አለ።

“አያ ደሴ፣ አብደሃል?” አልኩት።

“ሙሌ፣ እንሂድ።”

“እንግዲህ ዓይኑ ነዋ፤” አሉ አቶ ፈንቴ፣ ቀስ ብለው፣ በዚህ ጊዜ ሳይቀልዱ። ሰውም፣ “ዓይኑ ነው፤” እያለ ተበተነ።

ስሙ ከዚያ ቀን ጀምሮ “አንድ ዓይናው ደሴ” ሆነ። ሽማግሌ የላከባቸው ሁለት ቤቶች በትሕትና መለሱት። ጋፋት ወርዶ በእናታችን ወገን መሬት ላይ ድንችና ገብስ ማብቀል ያዘ፤ ዘግይቶ አንዲት ደግ ሴት አገባ፣ ሴት ልጅ ወለደ። ስንዱ ውጤቷ መጣላት፤ ነርስነት ለመማር ሄደች። እኔ ደግሞ ፊዚክስ ተማርኩ፤ እውነቱን ለመናገር አንዱ ምክንያቴ ያ ጠፍር ነበር። ለብዙ ዓመት ወንድሜን ያሳተው ጠፍሩ ነው ብዬ አምን ነበር፤ ለሰው ሁሉም እንዲህ አስረዳ ነበር። መምህር በሆንኩ በመጀመሪያው ዓመት ተማሪዎቼን ስለ ጥይት አወዳደቅ ሳስተምር ሂሳቡን በሰሌዳው ላይ ሠራሁት። መስመሩ ያን ያህል በመራቁ ጥይቲቱ ከቀድሞው ይልቅ የምትወርደው ከአንዲት የስንዴ ፍሬ ርዝመት አይበልጥም። ቆርኪ ደግሞ ከስንዴ ፍሬ በጣም ይሰፋል። መሐሉን ያለመ ሰው ቢያንስ ጠርዙን መንካት ነበረበት። ሦስቴ ደጋግሜ ሠራሁት፤ ያው ነው። ጠፍሩ ነፃ ወጣ። ታዲያ ዓይኑ ነው? ዓይኑ ከሆነ በጥምቀት እንዴት መታ? ሰሌዳውን አጥፍቼ ወደ ሌላ ምዕራፍ ተሻገርኩ።

ዛሬ በከተማችን የአየር ጠመንጃ የሚያወጣ የለም። የተኩስ ድምፅ ሲሰማ ጨዋታ ነው ብሎ የሚያስብም የለም። በመምህራን ክፍል ተቀምጠን ከሩቅ አንድ ነገር ሲሰማ እስክሪብቶ የያዘ እጅ ሁሉ ባለበት ይቆማል። አንዱ፣ “ከጋፋት ወዲያ ነው፤” ይላል፤ ሌላው፣ “ኧረ እዚሁ ነው፤” ይላል። ርቀት የእኔ ትምህርት ስለሆነ ዞረው ያዩኛል። ብልጭታውን ካየህ ድምፁ እስኪደርስ ቆጥረህ ርቀቱን ማግኘት ትችላለህ ብዬ አስተምራለሁ። ብልጭታውን ያላየ ሰው ምን ያድርግ? ትከሻዬን ስነቀንቅ እስክሪብቶው መጻፉን ይቀጥላል። እንዲህ ባለ ጊዜ ነው ያ ጥግ፣ ያ ዘፈን፣ ሰው ሁሉ ስለ አንድ ቆርኪ የተጨቃጨቀበት ያ ጭቃ የሚናፍቀኝ።

እንግዲህ ወደ ሚኒባሷ ልመለስ።

“ያን ጠፍር እኮ የነከርኩት እኔ ነኝ፤” አለችኝ ስንዱ።

“ዝናብ ነው የነከረው።”

“በረንዳ ሥር ተሰቅሎ? መምህር ሆነህም ዝናብ ትላለህ?” ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። “በዋዜማው ሲመሽ ከጣሪያው ውኃ የሚጠራቀምበት በርሜላችን ውስጥ ጨመርኩት። በቡሄ ጠዋት አውጥቼ ቦታው ሰቀልኩት። ደሴን ጠልቼው አልነበረም። መማር ነበር የፈለግሁት። እምቢ ብል ከአባቴ ጋር መጣላቴ ነው። እሱ ከሳተ ግን ማንም እኔን አይልም፤ መስመሩ ርቆበት ነው ይላሉ ብዬ አሰብኩ። ዓይኑ ነው ይላሉ ብዬ አላሰብኩም፣ ሙሌ። ይህን ሁሉ ዘመን በኔ ጠፍር አንድ ዓይናው ተባለ።”

ላጽናናት ፈለግሁና የማውቀውን አስረዳኋት። ሂሳቡን ነገርኳት፤ የስንዴዋን ፍሬ ሳይቀር። “ስለዚህ ያንቺ ጠፍር አላሳተውም፤” አልኳት፣ በኩራት።

ፊቷ ተለወጠ። “ታዲያ ምን አሳተው? ዓይኑ ነው ማለት ነው? አንዱ ዓይን እንዲህ ከሆነ ሌላውም መታየት አለበት እኮ! ሐኪም ዘንድ ሄዷል? አሁን ይታየዋል?”

“አላውቅም።”

“ወንድምህ አይደለም እንዴ? ጠይቀህ ደውልልኝ፤” ብላ ቁጥሯን ሰጥታኝ መናኸሪያው ላይ ወረደች። እኔ እወርዳለሁ ካልኩበት አልፌ ሄድኩ። ጥፋተኛ ነኝ ብላ የመጣችውን ሴት ነፃ አውጥቼ የባሰ ጭንቀት ውስጥ ጨመርኳት፤ እኔ ራሴም በደንብ የማውቀው የመሰለኝን ነገር አጣሁት።

እሑድ ጋፋት ወረድኩ። አያ ደሴ የድንች ማሳውን አጥር እየጠገነ ነበር። መንገድ ላይ ሳስተካክለው የመጣሁትን ንግግር ጀመርኩ፦ አንደኛ ጠፍሩ መንከሩን፣ ሁለተኛ የነከረችው ስንዱ መሆኗን፣ ሦስተኛ ግን ጠፍሩ እንዳላሳተው፣ አራተኛ ስንዱ ስለ ዓይኑ እንደጠየቀችኝ። እስክጨርስ አጥሩን ትቶ አዳመጠኝ።

“ማን ነገረህ?”

“ራሷ ናት።”

“በመጨረሻ ነገረችህ!” አለና ሳቀ። “እኔ ስትነክረው ባላይም ስታወጣው አይቻታለሁ። የዚያን ዕለት ከኮረብታው ስንወርድ አንተ ስለ ፈተናህ ትለፈልፋለህ። ቀይ ሹራቧ ታየኝ። ከበርሜሉ አንድ ረጅም ነገር እየጎተተች ታወጣለች። ዓይኔ እያታለለኝ እንዳይሆን ብዬ ደህናውን ሸፈንኩት። በዚህኛውም ያው ናት።” በጣቱ ቀኝ ዓይኑን ነካ አደረገ። “ምን እያደረገች እንደሆነ ገባኝ። እንዲህ የምትለፋ ልጅ እኔን አትፈልግም ማለት ነው። ከምሰሶው ወዲህም ወዲያም ብቆም መምታቴ አይቀርም ነበር፤ ስለዚህ ሳትኩ።”

የማስበው ሁሉ ተደበላለቀብኝ። “ታዲያ አንድ ዓይና ሲሉህ ለምን ዝም አልክ? ይህን ሁሉ ዘመን!”

“ምን ልበል? አየሁ ካልኩ እሷን ማጋለጤ ነው። አላየሁም ካልኩ ዓይኔን ማማቴ ነው። ዓይኔ የራሴ ነው።” አጥሩን መጠገን ቀጠለ። ቀና ሳይል፣ “ዓይኔን ጠየቀች አልክ? ሩቅ ያያል በላት፤” አለኝ።

ወደ ከተማ ስመለስ ከቤተ ክርስቲያኑ ኮረብታ ላይ ቆምኩ። ቁልቁል አየሁ። ቆርቆሮው፣ ፎቁ፣ የሲሚንቶ ምሰሶው ይታያል፤ በርሜሉ የት እንደነበረ ልለየው አልቻልኩም። ርቀቱን በዓይኔ ልገምት ሞከርኩ፤ አንዴ አንድ ቁጥር፣ አንዴ ሌላ ቁጥር መጣልኝ። ስልኬን አውጥቼ ደወልኩላት።

“ዓይኑስ?” አለችኝ፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም።

“ደህና ነው። ሩቅ ያያል።”

“ምን ያህል ሩቅ?”

ሜትሩን ልነግራት አፌን ከፈትኩና ተውኩት።

“ከቤተ ክርስቲያኑ ኮረብታ እስከ እናንተ በርሜል፤” አልኳት።

“በቡሄ ጠዋት... አየኝ?” አለች።

 “በሁለቱም ዓይኑ፤” አልኳት።